ቀለበቱ ሌሊት ወጥቶ አደረ፤ አርግዤ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 32 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። እንክብል መዋጥ እየረሳሁ ስለተቸገርኩ ከጥቂት ወራት በፊት በብልት ውስጥ ወደሚቀመጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ቀለበት ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት የሚቆየው ዓይነት ነው። በዚህኛው ዙር ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ስነሳ ቀለበቱን አልጋዬ ላይ አገኘሁት። መቼ እንደወጣ አላውቅም። በሙቅ ውሃ አጥቤ መልሼ አስገባሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት አደረግን። ይኸው ከዚያ ወዲህ አሥር ቀን ሆነው። ቀለበቱን ትናንት በጊዜው አውጥቼዋለሁ፤ ደም ግን ገና አላየሁም። ሁልጊዜ ደሙ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቄ ነው አዲሱን የማስገባው፤ አንዳንዴ ዘጠኝ አሥር ቀን ይሆናል። አሁንም እንደዚያው ልጠብቅ? ቀለበቱ በማይኖርበት ሳምንት ደግሞ ራሴን ክፉኛ ያመኛል። ባለቤቴም ቀለበቱ ይሰማኛል ይላል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ሆዴ ገብቶ ይጠፋ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ጉዳይ እንጨርስ። የማርገዝሽ ዕድል ሰፊ አይደለም። ግን «ምንም የለም፣ አይዞሽ» ብዬ የማልፈውም አይደለም። ስለዚህ ትመረመሪያለሽ። ምርመራው የሚታመነው ደግሞ በጊዜው ሲደረግ ነው። ቀለበቱን መልሰሽ ካስገባሽ በኋላ በነበሩት 7 ቀናት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ግንኙነት ያደረጋችሁበትን ቀን አስታውሺ። ከዚያ ቀን ጀምረሽ 21 ቀን ቁጠሪና ከፋርማሲ በሚገዛው የሽንት ምርመራ ተመርመሪ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ገና አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይቀርሻል። ዛሬ ተመርምረሽ «ኔጌቲቭ» ቢልሽ ብዙም አትመኚው። ቸኩለው ያደረጉት ምርመራ ያለውን እርግዝና ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል።

ፖስት ፒል ልውሰድ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ጊዜው አልፏል። በብዛት የሚሸጠው ሌቮኖርጀስትሬል ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ በቶሎ ሲወሰድ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። መዳብ ያለው ሉፕም ለዚሁ አገልግሎት የሚገባው እስከ 5 ቀን ድረስ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ለወደፊቱ እንዲጠቅምሽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምሽ በዚያው ቀን ጠይቂ።

ደም አለማየትሽ ለዛሬ አያሳስብሽ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀለበቱ ከወጣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ቢመጣም ግን ምርመራውን አትተዪው፤ ደም መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጭራሽ ካልመጣም ቀለበቱን ማስገባት አታዘግዪ፤ ምርመራሽን በቀኑ አድርጊ። «ካረገዝኩ ቀለበቱ ፅንሱን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብለሽ ልታስቢ ትችያለሽ። ሳያውቁ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሆርሞኖች መጠቀም በፅንሱ ላይ የአካል ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ምርመራው ፖዘቲቭ ካለሽ ቀለበቱን አውጪና ሐኪም ጋ ሂጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለወጣው ቀለበት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን በመሃል ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፤ «ደሙ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቄ ነው አዲሱን የማስገባው» ያልሽው። ቀለበት ከሚጠቀሙ ሴቶች ብዙዎቹ በዚህ ነገር ይሳሳታሉ። ደግሞም አይፈረድባቸውም። ደም እየፈሰሰ ምን ነገር ይገባል? ነገሩ ከንጽህና አንጻር ሲታይ መጠበቁ ልክ ይመስላል። በሆርሞን ሂሳብ ግን ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ቀለበቱ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ለስላሳ፣ የሚተጣጠፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ። ከዳር እስከ ዳር 54 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። ሥራውን የሚሠሩት ፕላስቲኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሆርሞኖች ናቸው። በየቀኑ በአማካይ 15 ማይክሮግራም ኢስትሮጅንና 120 ማይክሮግራም ኢቶኖጀስትሬል የሚባል ፕሮጄስቲን ይለቃል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቢው። ይህ መጠን በብልት ግድግዳ በኩል አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። በጨጓራ በኩል ስለማያልፍ ማስታወክም ሆነ ተቅማጥ አያበላሸውም። ከዚያ አንጎል በቂ ሆርሞን እንዳለ ይቆጥርና እንቁላል እንዲበስል የሚያዘውን ሆርሞን ይቀንሳል። እንቁላል ካልወጣ እርግዝና የለም። በተጨማሪ የማህፀን በር ፈሳሽ ይወፍርና የወንዱን ዘር እንዳያልፍ ያግዳል።

ቀለበቱ ሲወጣ ያ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በእረፍቱ ሳምንት ውስጥ እንቁላል በሚያመነጨው ኦቫሪ ላይ ያሉት የእንቁላል ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በ7ኛው ቀን አዲሱ ቀለበት ሲገባ እድገታቸው ይገታል። 8ኛው፣ 9ኛው፣ 10ኛው ቀን ከተጨመረ ግን አንዱ ከረጢት እያደገ ሄዶ እንቁላል ወደመልቀቅ ሊደርስ ይችላል። እሳት ላይ የተጣደ ወተት ታውቂያለሽ፤ ዝም ብሎ ይቆይ ይቆይና ዞር ስትዪ ይገነፍላል። ከ7ኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ እንደዚያ ነው። አንድ ሴት ላይ ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ ሌላዋ ላይ አያልፍም። አንቺ እስካሁን ምንም ያልሆንሽው ዘዴው ልክ ስለሆነ ሳይሆን ዕድል ስላልከዳሽ ነው።

ኦቫሪ አንዴ ከነቃ በኋላ መልሶ ለማረጋጋት ደግሞ 7 ተከታታይ ቀን ሆርሞን ያስፈልጋል። ይህቺን «7» ያዣት፤ ለቀለበት የሚሰጡ መመሪያዎች ሁሉ ከእሷ የወጡ ናቸው። ከ7 ቀን በላይ ባዶ አትሁኚ። ከተበላሸ 7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አሁን የአንቺን ሌሊት በዚህ ሂሳብ እንየው። ለሦስት ሳምንቱ ቀለበት የተሰጠው ገደብ 3 ሰዓት ነው። ከ3 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ወጥቶ ከተመለሰ ምንም አይጠፋም። ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም መቼ እንደወጣ ካልታወቀ፣ እንዳለፈ ይቆጠራል። ያንቺ ሌሊቱን ሙሉ ውጪ አድሮ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ሲሆን ቀለበቱ ይመለስና 7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል። አንቺ መመለሱን አድርገሻል፤ ኮንዶሙ ነው የቀረው። ከመውጣቱ በፊት የነበረው እረፍት ልክ 7 ቀን ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለነበርሽ እኔም ይህን ያህል አላሳስብሽም ነበር። ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ከነበረ ግን ኦቫሪሽ አስቀድሞ ነቅቶ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ የሌሊቱ መውጣት ተጨመረ። ሁለት ስህተት ሲደራረብ ነው ምርመራ ግድ የሚሆነው።

ይህ በሦስተኛው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል። የወጣውን አትመልሺውም፤ ትጥይዋለሽ። ከዚያ ወይ ወዲያው አዲስ ታስገቢያለሽ፣ ወይ እረፍትሽን ከዚያች ቀን ትጀምሪና ቢበዛ በ7ኛው ቀን አዲሱን ታስገቢያለሽ። ሁለተኛው የሚሆነው ግን ቀደም ባሉት 7 ቀናት ቀለበቱ ሳይወጣ ከቆየ ብቻ ነው። በሁለቱም ምርጫ አዲሱ ከገባ በኋላ 7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለሽ ማየት አለብሽ። የወንድ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀለበቱ ከመውጣቱ በፊት የተደረገ ግንኙነትም ይቆጠራል። ያኔ ስለ ፖስት ፒል ወዲያው መጠየቅ ይገባል።

አሁን ግን ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ቀለበቱን መልሰሽ ካስገባሽ በኋላ እስከ ትናንት ድረስ ከ7 ቀን በላይ ሳይወጣ ቆይቷል። ስለዚህ በአሁኑ የእረፍት ሳምንት ጥበቃ አለሽ። አለሽ የምለው ግን አዲሱን በ7ኛው ቀን ካስገባሽ ነው። ትናንት ያወጣሽበትን ቀንና ሰዓት ያዢ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት አዲሱ ይገባል። ደሙ ቢመጣም፣ ባይመጣም፣ እየፈሰሰም ቢሆን። ደም ቀለበቱን አያበላሸውም፣ ኢንፌክሽንም አያመጣም። ታምፖን፣ ማለትም ብልት ውስጥ የሚገባውን የደም መምጠጫ፣ መጠቀም ከፈለግሽም ከቀለበቱ ጋር ይሄዳል፤ ስታወጪው ብቻ ቀለበቱን አብረሽ እንዳትጎትቺው።

ቀን መቁጠሩን ለራስሽ ጭንቅላት አትተዪው። እንክብሉንም የተውሽው በመርሳት ነው። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ካስገባሽ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ታወጫለሽ። በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት አዲሱን ታስገቢያለሽ። ሁሌም ማክሰኞ ነው። ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪና «አስገቢ» የሚለው ሁለቴ እንዲጮህ አድርጊው። «አውጪ» የሚለው አንዴ ይበቃዋል። ለምን አድልዎ አደረግሽ ብትዪኝ፣ ቀለበቱ ራሱ አድልዎ አለው። ማውጣት ብትዘገዪ ይታገስሻል፤ ሳታወጪው አራተኛው ሳምንት ቢያልቅ እንኳ ጥበቃው አይቋረጥም። ከአራት ሳምንት ካለፈ ነው ምርመራና 7 ቀን ኮንዶም የሚመጣው። ማስገባት ስትዘገዪ ግን አንድ ቀንም አይታገስም።

ለነገሩ፣ የእረፍቱ ሳምንት ጭራሽ ባይኖርስ? ይህን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ስህተትሽም ራስ ምታትሽም ያለው እዚያው ሳምንት ውስጥ ነው።

በእረፍት ሳምንት የሚመጣው ደም የተፈጥሮ የወር አበባ አይደለም። ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ ደም ነው። ለጤና ግድ ስለሆነ የተቀመጠ ሥርዓት አይደለም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲፈቀድ፣ በየወሩ ደም እንዲመጣ የተደረገው ሴቶች የለመዱትን ዑደት እንዲመስል ተብሎ ነው። በብሪታንያ የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መመሪያም የ7 ቀኑ እረፍት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም እንደሌለ በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ አንዱን ቀለበት አውጥተሽ በዚያው ቀን ሌላውን ማስገባት ትችያለሽ። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ስለማታገኚው ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት እንጂ፣ አዲስ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ልክ እንደ ቤት ኪራይ በወሩ በተመሳሳይ ቀን የሚቀይሩትም አሉ። ለማስታወስ ይቀላል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ደሙ ካልወጣ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ አይጎዳኝም?» አይጠራቀምም፤ የሚጠራቀም ነገር የለም። በቀለበቱ ሆርሞን የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ስስ ሆኖ ይቆያል። የሚፈርስ ወፍራም ሽፋን ከሌለ ደሙ ከየት ይመጣል? የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ የሚል ደም ይታያል። ያበሳጫል፤ ነጭ ልብስ ያስተዋል። ግን ቀለበቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ በጊዜ ብዛትም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለ ራስ ምታቱ ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። ራስሽን ከማመሙ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ብርሃን ይታይሻል? ወይም ከምታዪው ነገር አንዱ ጎን ይጠፋብሻል? ፊትሽን ወይም እጅሽን ይደነዝዝሻል? ይህ አምስት ደቂቃም ሆነ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሕመሙ የሚከተል ከሆነ፣ ኦራ ያለው ማይግሬን ይባላል። ኦራ ያለው ማይግሬን ያለባት ሴት ኢስትሮጅን ያለበት መቆጣጠሪያ መጠቀም የለባትም። ቀለበቱም ኢስትሮጅን አለበት። በአንጎል የደም ስር መዘጋት፣ ማለትም በስትሮክ የመያዝ አደጋን ይጨምራል። መልስሽ «አዎ» ከሆነ አዲሱን ቀለበት አታስገቢ፤ ኮንዶም እየተጠቀማችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ቅረቢ። ሉፕ፣ በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላንት፣ ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው እንክብል ለአንቺ አሉልሽ። ለምትረሳ ሴት ደግሞ ሉፕና ኢምፕላንት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቀለበቱም ይሻላሉ።

መልስሽ «የለም፣ ዝም ብሎ ያመኛል፤ ያውም በእረፍቱ ሳምንት ብቻ» ከሆነ፣ ኢስትሮጅን በድንገት ሲቀንስ የሚመጣ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። እረፍቱን መዝለል ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል። በሁለቱም መንገድ ግን ደም ግፊትሽን ተለኪ። ቀለበት ስትጀምሪ ሳይለኩሽ ሰጥተውሽ ከሆነ መለካት ነበረባቸው።

ወደ ሆድ ይገባል የሚለው ስጋትሽ አይሆንም። ብልት ጫፉ የተዘጋ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የማህፀን በር ነው፤ ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው። 54 ሚሊ ሜትር ቀለበት በዚያ አያልፍም። ጣትሽ አልደርስበት ካለ ቁጢጥ ብለሽ ፈልጊው። ከፈለግሽውና ጭራሽ ካጣሽው ወጥቶ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲስ አስገቢና በመጀመሪያው ቀለበት ቀጠሮ አውጪው። ከ3 ሰዓት በላይ አልፎት ከሆነ ወይም መቼ እንደጠፋ ካላወቅሽ፣ 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ።

መውጣቱስ ለምን መጣ? ብዙውን ጊዜ ጠለቅ ብሎ ስላልገባ ነው። እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ። አንድ እግርሽን ወንበር ላይ አድርገሽ ቁሚ፣ ወይ ቁጢጥ በዪ፣ ወይ በጀርባሽ ተኚ፤ የሚመችሽን ምረጪ። የቀለበቱን ሁለት ጎን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨብጠሽ አቀራርቢው። ጠባብ ሆኖ ይገባል። ከዚያ በሌባ ጣትሽ ገፋ አድርጊው። ሲቆረቁርሽ ከተሰማሽ ገና አልጠለቀም፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ቦታው ላይ ሲሆን ምንም አይሰማሽም። በትክክል እዚህ ጋ ይሁን የሚባል ቦታ ደግሞ የለውም። የማህፀን በርን መክደን አይጠበቅበትም፤ ግድግዳውን እስከነካ ድረስ ሆርሞኑን ይለቃል። ስታወጪው ሌባ ጣትሽን ቀለበቱ ውስጥ አንጠልጥለሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው።

በደንብ ገብቶም ሊወጣ የሚችልባቸው ጊዜዎች አሉ። ድርቀት ይዞሽ መጸዳጃ ቤት ስታምጪ። ታምፖን ስታወጪ። በግንኙነት ጊዜ። በእነዚህ ጊዜያት በጣትሽ መኖሩን ነካ አድርገሽ የማየት ልማድ ይኑርሽ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ ግን መመርመር አለብሽ። ከወሊድ በኋላ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ወደ ታች የመውረድ ነገር ካለ ቀለበት አይቆምም። ያኔ ጥፋቱ የአንቺ አገባብ አይደለም፤ ዘዴው ነው የማይስማማሽ።

የወጣውን ቀለበት የምታጥቢው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነው። ሙቅ ውሃ አይሆንም። ሆርሞኑ ፕላስቲኩ ውስጥ ስላለ ሙቀት አይስማማውም። ለዚህም ነው ፋርማሲ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጠው። አንዴ ወደ ቤት ከወሰድሽው በኋላ ከፀሐይና ከሙቀት በራቀ ቦታ እስከ 4 ወር ይቆያል፤ የማለቂያ ቀኑ ከዚያ ካልቀደመ ማለት ነው። ስታጥቢው ደግሞ ዙሪያውን አገላብጠሽ እዪው። መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ አትመልሺው፤ በአዲስ ተኪው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ አልዋሸም፤ አንዳንድ ወንዶች ይሰማቸዋል። አብዛኞቹ አይረብሻቸውም። ጠለቅ ብሎ ሲገባ መሰማቱ ይቀንሳል። ካስቸገረ አውጥታችሁ ከግንኙነት በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ይህን ልማድ አድርጊው አልልሽም። መርሳት የምታውቂ ሰው ነሽ፣ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ካወጣሽው ቢያንስ አላርም ሙዪ። ለስላሳ እንዲሆን የምትጠቀሙበት ማለስለሻ ካለ በውሃ የተሠራው ይሻላል፤ ለኮንዶሙም ደህና ነው። ኮንዶም ካነሳሁ አይቀር፣ ቀለበቱ ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች አይከላከልም።

ስለ ገደቡ አንድ ነገር ላክል። የምነግርሽ ሁሉ ለሦስት ሳምንቱ ቀለበት ነው፤ ኑቫሪንግና መሰሎቹ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈቀደው አኖቬራ እየታጠበ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። የእሱ ገደብ 3 ሳይሆን 2 ሰዓት ነው። ኤችአይቪን ለመከላከል የተሠራው የዳፒቪሪን ቀለበት ደግሞ እርግዝናን ጭራሽ አይከላከልም። ጓደኛሽ ስለ እሷ ቀለበት የነገረችሽን በአንቺ ላይ ከመሞከርሽ በፊት ስሙን አንብቢ።

የአደጋ ምልክቶቹን እወቂያቸው። አንዱ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገተኛ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገት ዓይን መጋረድ፣ ፊት መጣመም፣ አንድ ጎን መዛል፣ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ራስ ምታት። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ቀለበቱን አውጥተሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ነገ ይታያል የሚባል አይደለም። እንዲህ ስል ላስፈራሽ አይደለም። ይህን መቆጣጠሪያ ከማይጠቀሙና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ደማቸው ይረጋል። ኢስትሮጅን ያለበት መቆጣጠሪያ ከሚጠቀሙት ከ3 እስከ 9። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ከ5 እስከ 20። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ቀድሞ የደም መርጋት የነበረባት፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ የጡት ካንሰር ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት ሴት ወደዚህ ዘዴ አትግባ። ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስም እንዲሁ። አንቺ 32 ነሽ፤ የምታጨሺ ከሆነ ከአሁኑ ሌላ ዘዴ አስቢ።

ልጅሽ ስንት ወሩ ወይም ዓመቱ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ገና ስድስት ወር ካልሞላውና ጡት የምታጠቢው ከሆነ፣ ኢስትሮጅን የሌለበት ዘዴ ይመረጣል።

መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ሳትደብቂ ለሐኪምሽ ንገሪ። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ቀለበቱን አይነኩትም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኢፋቪሬንዝ ግን ሆርሞኑን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወግዱታል። ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ ሴት ቀኑን ሳታዛንፍ ብትጠቀምም ቀለበቱ ላይ ብቻ መተማመን የለባትም። ላሞትሪጅን የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ የቀለበቱ ኢስትሮጅን የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ስለሚቀንስባት፣ ሳታማክር ቀለበት ከጀመረች ሕመሙ ሊነሳባት ይችላል።